ባሕሩ ውስጥ ያለው ጊንጥ

ባሕር አይቼ አላውቅም። ባሕር ዛፍ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሳይ ኖሬአለሁ። ወዳጄ፣ አንተም ብትሆን ከሁለተኛው ጋር ሳትተዋወቅ አትቀርም።

ግን ስሙን አስበኸው ታውቃለህ? ባሕር ዛፍ። ዛፉ ባሕር ውስጥ አይበቅልም። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ብቻ ነው ባሕር የተባለው። በቆሎንም የባሕር ማሽላ የሚሉት አገሮች አሉ፤ በዚያው ምክንያት። እዚህ ባሌ በኦሮምኛ ባርጋሞ ይባላል። እሱም ከባሕር ማዶ እንደ ማለት ነው ይሉኛል ቋንቋውን ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት። አየህ፣ ሁለት ቋንቋ ተማክሮ ለአንድ ዛፍ አንድ ስም አወጣለት። ከዚያ ወዲህ ባሕር የሚል ስም ያለው ነገር ሁሉ ለእኛ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው።

የእኛ ሰፈር ደግሞ ከዚህም ያሳጥረዋል። የምኖረው ሮቤ ነው። ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎሚስታ ነኝ፤ ጎማ እጠግናለሁ። ከሱቄ ጀርባ የእትዬ ብዙነሽ ባሕር ዛፍ አለ። እኛ ዛፍ የሚለውን ትተን “ባሕሩ” ነው የምንለው። “በግህ ባሕሩ ውስጥ ገብቷል።” “በባሕሩ በኩል ብትሄድ ይቀርብሃል።” አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ ሹፌር ጎማ ሲያስጠግን ይህን ሰማና፣ እዚህ ባሕር አለ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አለ አልኩት። ይዋኝበታል ወይ አለኝ። ላሞች ይገቡበታል አልኩት። ከዚያ በላይ አላብራራሁም። ብዙ ማውራት አልወድም።

ወሬዬ ግን ስለ ዛፍ አይደለም። ስለ ጊንጥ ነው።

ጊንጥ ታውቃለህ? ሮቤ ተወልዶ ያደገ ሰው እምብዛም አያውቀውም። ብርዱ አይስማማውም መሰለኝ። እኔ የማውቀው በረዳትነት ዘመኔ ነው። ገና ጢም ሳላወጣ የጭነት መኪና ላይ እሠራ ነበር። ከሮቤ ጊኒር፣ ከጊኒር መልስ፣ አንዳንዴም ከብት ልንጭን ወደ ቆላው፣ ወደ ብድሬ። ትምህርት ቤት ለምን እንዳልነበርኩ አትጠይቀኝ። አባት አልነበረም፤ በዚህ ይለፍ። መኝታዬ ከመኪናው ሥር ነበር። ፍራሼ ኬሻ፣ ትራሴ ክንዴ። አንድ ማለዳ ብድሬ አጠገብ ኬሻዬን ስጠቀልል እጄን ነደፈኝ። ሕመሙን ልነግርህ አልችልም። ሹፌሩ “ወንድ አይደለህ እንዴ?” ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ክንዴን ይዘው፣ ቢስሚላህ እያሉ፣ እስኪሻለኝ አብረውኝ የተቀመጡት አንድ የከብት ነጋዴ ሽማግሌ ናቸው። ገበያቸው አመለጣቸው። እኔ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። ዛሬ ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ ያ ንድፊያ ነው ከስንት ዘመን በኋላ የሰፈሩ ሊቅ ያደረገኝ። ሰው በተማረበት ይሾማል። እኔ በተነደፍኩበት ተሾምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባሕሩ ማዶ ትምህርት ቤት አለ። እዚያ ባዮሎጂ የሚያስተምረው መምህር ከድር ይባላል። ደግ ሰው ነው፤ ሥዕልም ይወዳል። ለሳይንስ ቀን ብሎ ትልቅ አቡጀዲ ላይ አንድ አውሬ ሣለና አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከበሩ እስከ መስኮቱ ይደርሳል። ከፊቱ ሁለት መቆንጠጫ፤ ጀርባው እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተደራረበ። ከሥሩ በትልቁ “የባሕር ጊንጥ” ብሎ ጻፈ። ከዚያ በታች በትንሹ “ይኬሎፕተረስ፤ ከምድር ገጽ የጠፋ”። ትልቁን ሁሉም አነበበው። ትንሹን ማን ያንብበው?

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ኦቦ ሁሴን አዳራሹን ሊቆልፉ ገቡና ከሥዕሉ ጋር ተፋጠጡ። የጎባ ሰው ናቸው። ብርድ ለምደዋል፤ ጊንጥ አልለመዱም። መምህሩን በር ላይ ይዘው ጠየቁት። ይህን ያህላል ወይ አሉት። ኤዬ፣ ከሰው ይበልጣል አላቸው። የት ነው ያለው አሉት። መምህር ከድር ቸኩሎ ነበር። “ባሕር ውስጥ ይኖር ነበር” ብሏቸው ሄደ።

አሁን ይህን ዓረፍተ ነገር እስቲ በኦቦ ሁሴን ጆሮ ስማው። ባሕሩ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ይታያቸዋል። ቅጠሉ ይንሿሿል። “ነበር” የምትባለዋን ቃል ደግሞ ነፋስ ወሰዳት። ትንሽ ቃል ናት፤ ግን ያን ሁሉ ሚሊዮን ዓመት የተሸከመችው እሷ ነበረች። ሰው ሲያዝን “ነበር ለካ እንዲህ ቅርብ ኖሯል” ይላል። ለኦቦ ሁሴን ከመጠን በላይ ቀረበባቸው።

በማግስቱ ሰፈሩ ሌላ ሆነ። ተማሪዎች በዋናው መንገድ ዞረው መሄድ ጀመሩ። ምንጭ የሚወርዱ ሴቶች በቡድን ሆኑ። አንዲት ጎረቤቴ ጭራውን አይቼዋለሁ አለች። ምን ይመስላል ብላት፣ ጭራ ነዋ አለችኝ። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ታደሰ ጡረታ የወጡ ጸሐፊ ናቸው፤ ነገር ሁሉ ምክንያት እንዲኖረው ይወዳሉ። ለዚህም አላጡለትም። ዛፉ ከባሕር ማዶ መጣ፤ ስለዚህ ባሕር ዛፍ ተባለ። ጊንጡም ከዛፉ ጋር መጣ፤ ስለዚህ የባሕር ጊንጥ ተባለ። በዘሩ ውስጥ እንቁላል ሆኖ ገብቶ ዛፉ ሲያድግ አብሮ አደገ። ይህን ሲያስረዱ ሰው ራሱን ይነቀንቅ ነበር። እኔም ትንሽ ነቀነቅሁ መሰለኝ። የተስተካከለ ነገር ያምራል።

እትዬ ብዙነሽን ላስተዋውቅህ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ባሕሩን የተከሉት ሟቹ ናቸው። ሴትዮዋ ቀጭን ናቸው፤ ምላሳቸው ግን ወፍራም ነው። አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ጥሩወርቅ። ጊኒር አግብታ የመጀመሪያዋን አርግዛለች። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ችግሩ የእናት ቤት ጓዳው መዝመሙ ነው። እትዬ ብዙነሽ ቋሚውንም ወራጁንም ከባሕሩ አስቆርጠው አንድ የአራስ ክፍል ሊያሠሩ አስበዋል። ሲያስቡ ሌባ ይቀድማቸዋል። ለአጣና የደረሰውን እየመረጠ፣ መደርደሪያ ላይ እንደተደረደረ ዳቦ፣ ከፊት ከፊት ይወስድባቸዋል።

ስለዚህ የጊንጡ ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ አልከፋቸውም። ሱቄ መጥተው፣ እግዜር ዘበኛ ላከልኝ አሉ። ራት አይጠይቅ፣ ካፖርት አይጠይቅ። እውነትም ሌባው ቀረ።

ግን ቆራጩም ቀረ። አጣና ቆራጭ የተባለ ሁሉ ባሕሩ አፍ ላይ ሲደርስ ወገቤን ያመኛል ማለት ጀመረ። በዚህ ላይ እድሩ ተሰበሰበና ወሰነ። ቅዳሜ ሰፈሩ በደቦ ይወጣል፤ ባሕሩ ይቆረጣል፤ ጊንጡ ቅርፊት ውስጥ ስለሚደበቅ እንጨቱ እዚያው ይቃጠላል። ለእትዬ ብዙነሽ አንድ ማገር እንኳ አይተርፍም። ከቅዳሜ በፊት አንድ ስብሰባ ቀርቷል፤ ቅሬታ ያለው እዚያ ይናገር ተባለ።

በማግስቱ እትዬ ብዙነሽ ሱቄ በራፍ ላይ ቆሙ።

“አንተ ተነድፈሃል አይደል?”

“አዎ፣ እትዬ።”

“ምን ያህል ነበር?”

ጣቴን አሳየኋቸው። አዩትና ተናደዱ። “በዚህ ነው እኔን ዛፍ አልባ የሚያደርጉኝ? ልጅቷ ወሯ ገብቷል። ከላስቲክ ሥር ትውለድ? ተነሥና የሌለ መሆኑን ንገርልኝ። ሌላ የተነደፈ ሰው የለንም።”

መናገር አልወድም ብዬሃለሁ። ማየት ግን እወዳለሁ። በቀትር ዱላ ይዤ ባሕሩ ውስጥ ገባሁ። አልዋሽህም፤ የሱሪዬን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ከትቻለሁ። ቅጠል ገለበጥኩ፣ ቅርፊት ላጥኩ፣ ጉቶ ሥር ጎረጎርኩ። ያገኘሁት የተነፈሰ ኳስና አንድ እግር ጫማ ነው። የሌባው ሳይሆን አይቀርም። ሲሮጥ ጥሎት።

ያኔ ነው ሌላ ነገር የከነከነኝ። እሺ፣ እዚህ የለም። ታዲያ የት ነበር? ከሰው የሚበልጥ ጊንጥ በእውነት ኖሮ ያውቃል? እጄን የነደፈኝ ያን ያህል ቢሆን ኖሮስ? ዱላዬን እንደያዝኩ ወደ መምህር ከድር ሄድኩ።

ደስ አለው። ስለ ይኬሎፕተረስ በገዛ እግሩ መጥቶ የጠየቀው ሰው አልነበረምና። እኔም የምጠይቀው አላለቀም። መጀመሪያ ነገር፣ ጭራው መርፌ የለውም አለኝ። ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ መቅዘፊያ። አይናደፍም ማለት ነው አልኩት። በመቆንጠጫው ነው የሚያድነው አለኝ። ሁለተኛ፣ በትክክል ጊንጥ አይደለም፤ የጊንጥና የሸረሪት ሩቅ ዘመድ ነው። ሦስተኛ፣ ሁልጊዜ ባሕር ውስጥ አልኖረም። የእሱ ወገን የተገኘው ወንዝና ባሕር በሚቀላቀሉበትና ጨው በሌለበት ውኃ ውስጥም ነው።

“ታዲያ ባሕርም ካልሆነ፣ ጊንጥም ካልሆነ፣ ለምን የባሕር ጊንጥ አላችሁት?” አልኩት።

“ባሕር ዛፉንስ ለምን ባሕር ዛፍ አላችሁት?” አለኝ።

ሳስበው ልክ ነው።

ቁመቱን ያወቁት ከአንድ መቆንጠጫ ተነሥተው ነው አለኝ። ሌላው አካሉ አልተገኘም፤ ከትንንሽ ዘመዶቹ ጋር እያመዛዘኑ ደረሱበት። ደግሞ ድንጋይ ላይ ከሚገኘው ብዙው ሬሳ አይደለም፤ ቆዳው ነው። ሲያድግ ይጠበዋል፤ አውልቆ ጥሎ በአዲስ ይሄዳል። እሱ ሄዶ ልብሱ ድንጋይ ይሆናል። ይህ ነገር ገረመኝ። እኔ ልጅ ሳለሁ ሸሚዜ ሲጠበኝ እጅጌውን ቆርጬ ሌላ ዓመት እለብሰው ነበር። ያ አውሬ ከእኔ ይሻል ነበር።

ከዚያ የቆየ ጥያቄዬን አወጣሁ። በጊኒር መንገድ ድንጋይ ስንጭን፣ ውስጡ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ነገር አይ ነበር። ሹፌሩን ስጠይቀው፣ ጫን አንተ ይለኝ ነበር። መምህር ከድር ግን ከመሳቢያው ያንኑ የመሰለ ድንጋይ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። የባሕር ፍጥረት ነው አለኝ። ያ አገር ባሕር ነበር።

“ባሌ?”

“ባሌ።”

“ታዲያ ጊንጡም ነበረ ማለት ነው።”

“አልነበረም። ባሕሩ ወደዚህ ሲመጣ የጊንጡ ወገን በሙሉ አልቆ ቆይቷል። ሳይገናኙ ተላለፉ።”

ድንጋዩን ቶሎ አልመለስኩለትም። ለካ ያን ሁሉ ዘመን ባሕር ተሸክሜ መኪና ላይ ስጭን ኖሬአለሁ። ሳይገናኙ መተላለፍ ደግሞ የአውሬ ብቻ ዕጣ አይደለም። እሱን ተወው።

ስብሰባው ደረሰ። መምህር ከድር ሊያስረዳ መጣ። ሲያስረዳ ግን ምድር ከተፈጠረችበት ጀመረ። ገና አህጉሮቹን ሳይለያይ አንዱ አቋረጠው።

“መምህር፣ ሞቷል ነው የምትለን?”

“ሞቷል። ዘሩ ሁሉ አልቋል።”

“ታዲያ ለእድሩ መቼ ተነገረ?”

ሰው ሳቀ። ሌላው ከኋላ ተቀበለ፤ “ማን ቀበረው?” አለ።

“ድንጋይ ውስጥ ነው የተቀበረው” አለ መምህር ከድር፣ ከልቡ።

“ድንኳን ሳይተከል?”

ኦቦ ሁሴን ተነሡ። ሳቁ አልተስማማቸውም። “ከድር፣ አንተው በእጅህ ሥለህ፣ ከሰው ይበልጣል ብለህ፣ ባሕር ውስጥ ነው ብለኸኝ፣ ዛሬ ሰው ፊት ታሳብለኛለህ?” አሉት። እሱም “ነበር ነው እኮ ያልኩት፣ ኦቦ” አላቸው። ነበሩን ማን ሰምቶት።

አቶ ታደሰ እጃቸውን አነሡ። የተነደፈው ይናገር አሉ። ቆምኩ።

“ባሕሩ ውስጥ ገብተህ አይተሃል?”

“አይቻለሁ።”

“ጊንጥ አገኘህ?”

“አላገኘሁም።”

“ጊንጥ ይደበቃል?”

እውነቱን ለመናገር ይደበቃል። “ይደበቃል” አልኩ። ሰው ሁሉ እ አለ። እትዬ ብዙነሽ ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም። ብድሬ ከነደፈኝ ይልቅ ጠለቅ ያለ ነበር።

ከዚያ ራሳቸው ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ መምህር ከድር ዞሩ። ድምፃቸው የለሰለሰ ነው፤ ያኔ ነው መጠርጠር የነበረብን።

“መምህር፣ ይህ ፍጥረት ደረቅ መሬት ላይ ይኖራል?”

“አይኖርም እትዬ፤ ውኃ ውስጥ ነው።”

“ወንዝስ?”

“ወገኑ ወንዝም ውስጥ ተገኝቷል።”

“ምንጭስ?”

“ምንጭ እንኳ...” ብሎ መምህሩ አሰበ። የተማረ ሰው ክፉ ልማዱ ይኸው ነው፤ ያስባል። እሳቸው መልሱን አልጠበቁም። ወደ ሰው ዞሩ።

“እናንተ ስንት ዓመት ሙሉ፣ ባሕር ዛፍሽ ውኃ ጠጣብን፣ ምንጫችንን አሳነሰብን ትሉኝ የለም? እሺ፣ ጠጥቷል። ቅዳሜ ቁረጡት። ውኃው ይመለስላችሁ። ከውኃው ጋር የሚመለሰውን ግን እኔ አላውቅም።”

ተቀመጡ።

አቶ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ። ነገሩ የተስተካከለ ነው፤ የተስተካከለ ነገር ደግሞ ይወዳሉ። ወደ እኔ አዩ።

“ጊንጡ ያለ ውኃ አይኖርም?”

“ይኼኛው አይኖርም” አልኩ።

“ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል?”

“ይጠጣል።”

ሁለቱም እውነት ነው። ሁለት እውነት ጎን ለጎን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። እድሩ ሦስተኛውን ራሱ ወለደ። ባሕሩ እንዳይነካ። አንድ ዛፍ የቆረጠ በሰፈሩ ላይ ጊንጥ እንደለቀቀ ይቆጠራል። መምህር ከድር፣ ይህ ሳይንስ አይደለም ብሎ ጮኸ። አቶ ታደሰም በደግነት፣ “አንተው አይደለህ እንዴ ያስተማርከን?” አሉት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኛ ሰፈር ንጋቱ ይጠራል። እውነቱ ላይ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሰው ይራመድበታል።

እትዬ ብዙነሽ አሸነፉ። ለሌባው መከራ ሆነ። ድሮ የሚፈራው አንዲት ሴትን ነበር፤ አሁን ሰፈሩ በሙሉ ይጠብቀዋል። ኦቦ ሁሴን ራሳቸው በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ሆነው ባሕሩን ይቃኛሉ። ቆራጩም ወገቡ ዳነለት፤ ጊንጥ የሌለበት ደረቅ ቦታ ነው ተብሏልና። እትዬ ብዙነሽ ደስ ብሏቸው አስገቡት። መጥረቢያው አንዴ እንዳረፈ ሰው ከየቤቱ ወጣ።

“እትዬ፣ ምን ሊያመጡብን ነው?”

“የራሴን ዛፍ!”

“ዛፉ የእርስዎ ነው። ጊንጡ የሁላችን ነው።”

ቆራጩ መጥረቢያውን ተሸክሞ ተመለሰ። ጥሩወርቅ ከጊኒር ልትነሣ ሳምንት አልቀራትም። እትዬ ብዙነሽ ያን ቀን ሱቄ መጥተው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። እኔ ዕቃ ሳነሣ ሳስቀምጥ ቆየሁ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

“ለመሆኑ ያ ጊንጥ ስንት ዛፍ ቢቆረጥ ነው የሚነቃው?”

“መምህር ከድርን ልጠይቅልዎት?” አልኳቸው።

“ተው፣ እሱን አትጠይቅ” አሉኝ። “እሱ እውነቱን ይናገርና ሌባውን መልሶ ያመጣብኛል። አንተ ተናገር። አንተ ነገር አታበዛም።”

አቶ ታደሰ ቤት ሄድኩ። ለአራስ ክፍል የሚቆረጥ ዛፍ ጊንጥ አያመጣም አልኳቸው። በምን አወቅህ አሉኝ። እጄን ዘርግቼ ጠባሳውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ፣ መቼም ለአራስ ማንም ይራራል አሉ።

ክፍሉ ተሠራ። ቋሚዎቹን ሲተክሉ አቶ ታደሰ ራሳቸው ገመድ ይዘው ነበር። ጥሩወርቅ ደረሰች፤ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ለማርያም ጥሪ እኔንም ጠርተውኝ ሄጃለሁ። ክፍሉ አዲስ እንጨት ይሸታል። ባሕሩም ከኋላው እንዳለ ቆሟል።

በዚያ ሰሞን መምህር ከድር ጎማው የተነፈሰበትን ብስክሌት እየገፋ መጣ። ፊቱ በርቷል። ሰዎቹ ያለ ፍርሃት ገብተው ሲቆርጡ አይቻለሁ አለኝ። አየህ፣ ሰው በትዕግሥት ሲያስረዱት ይገባዋል፤ እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ሳይንስ አሸነፈ አለኝ።

ጎማውን ነፋሁለት።